ውሃ ለወፍ፣ ከአሮጌ ጀሪካን

የማሽላ ዛላ ወተት በሚቋጥርበት ሰሞን በጅግጅጋ ዙሪያ ያለ ማሳ ጸጥ ብሎ አያውቅም። በእርሻው መካከል በእንጨት ማማ ላይ ልጅ ቆሟል። በአንድ እጁ ወንጭፍ፣ በሌላው ገመድ ይዟል። ገመዱ ከማማው ተነሥቶ እስከ ማሳው ዳር የተዘረጋ ነው፤ የዘይት ጣሳ፣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ ጠጠር የተጨመረበት ሃይላንድ በየቦታው ተንጠልጥሎበታል። ልጁ ገመዱን ሲጎትተው ያ ሁሉ ኮተት አንድ ላይ ይንኳኳል፤ ወፉ ግር ብሎ ይነሣና ጎረቤት ማሳ ላይ ይወርዳል። የጎረቤት ልጅም በተራው ገመዱን ይጎትታል።

ልጆቹን እንዲህ የሚያንገላታቸው በአብዛኛው ግሪሳ ነው። ግሪሳ በአካሏ ድንቢጥ የምታክል፣ መንቆሯ ቀይ የሆነ ወፍ ናት። አንዷ በቀን የምትበላው 10 ግራም ያህል ብቻ ነው። ችግሩ ብቻዋን አለመምጣቷ ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ወፍ ያለበት መንጋ በቀን 200 ኩንታል እህል ይጨርሳል። ለዚህም ነው ግሪሳ በሰፈረበት አካባቢ በአውሮፕላን ጭምር መርዝ የሚረጨው። እንዲህ ባለ አገር አንድ ሰው ተነሥቶ "ከወዳደቀ ዕቃ የወፍ መመገቢያ እየሠራችሁ ለወዳጅ ዘመድ ስጡ" ቢል ገበሬው ምን እንደሚመልስለት መገመት አያቅትም።

ስጦታው ግን በሌላው ዓለም የተለመደ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በረዶ በሚወርድበት ወራት ልጆች የወተት ካርቶንና የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጠው፣ ዘር ሞልተው፣ ለአያታቸው ወይም ለአስተማሪያቸው ይሰጣሉ። ኖርዌዮች ለገና የአጃ ነዶ ለወፍ ብለው ደጃቸው ላይ ይሰቅላሉ። በሕንድ ጉጅራት በየመንደሩ አደባባይ በምሰሶ ላይ የቆመ፣ አምሮ የተቀረጸ የወፍ እህል ማስቀመጫ ይታያል። ኦቶማኖች ደግሞ በኢስታንቡል መስጊዶች ግድግዳ ላይ፣ ሰገነትና ጉልላት ሳይቀር ሠርተው፣ ትንንሽ የወፍ ቤቶች ለጥፈዋል።

በእኛም አገር ወፍ ማብላት እንግዳ ነገር አይደለም። ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ሥጋ ገበያው አጠገብ፣ ቁራጭ ሥጋ በእጁ ይዞ ክንዱን ከዘረጋ ሰው ጭላት ከጣሪያ ላይ ተወርውሮ ነጥቆ ይሄዳል፤ ቱሪስቱ ጣቶቹ መኖራቸውን ይቆጥራል። ሐዋሳ ዓሣ ገበያ አባ ኮዳ የዓሣ ሆድ ዕቃ እስኪወረወርለት ድረስ በሰው እግር መካከል እየተንጎራደደ ይጠብቃል። ሁለቱም ቦታ መመገቢያ ዕቃ የለም፤ ሰው በእጁ ይሰጣል፣ ወፉ ይወስዳል።

ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል እንዲሉ፣ ስጦታውም እንዳገሩ መሆን አለበት። ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቀብሪ በያህ በኩል ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሶማሌላንድ ወሰን ለሚሄድ ሰው ይህ ከመንገዱ ይገለጥለታል። ማሳው እየሳሳ ይሄድና ያልቃል፤ ማማውም፣ ወንጭፉም፣ የሚንኳኳው ጣሳም አብረው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው የሀውድ ሜዳ ነው፦ ቀይ አፈር፣ ግራር፣ በእሾህ የታጠረ የሣር ክልል፣ ግመል። የሀርሺን ከተማ ያለችው እዚህ ነው። እዚህ ወፍ ዘር ቢያጣም ውሃ የሚያጣውን ያህል አይደለም።

በሀውድ ወንዝ የለም። የከርሰ ምድር ውሃውም እጅግ ጥልቅ ስለሆነ የእጅ ጉድጓድ አያዋጣም። ሰዉ የሚኖረው በቢርካ ነው። ቢርካ መሬት ተቆፍሮ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ፣ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። በዚህ አካባቢ መስፋፋት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው፤ ዛሬ ቢርካ ያለው ቤተሰብ ባለሀብት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ለራሱ ይጠጣል፣ ከብቱን ያጠጣል፣ የተረፈውን ይሸጣል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው የጂላል ወራት ቢርካው ሲደርቅ ውሃ በቦቴ ይመጣል፤ ዋጋው መንገዱ በረዘመ ቁጥር ይጨምራል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ፣ በሶማሌ ክልል የከብት ሬሳ በየመንገዱ ዳር ታይቷል። የወፉን ማንም አልቆጠረም።

ወፎቹ ቢርካውን ያውቁታል። ጠዋት ፀሐይ ሳትከር ዋኖሱ፣ ድንቢጡ፣ ቁራው ይሰበሰባል። የቢርካ ግድግዳ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ውሃው ዝቅ ባለ ጊዜ ወፍ የምትቆምበት ጠርዝ የለም። ጎንበስ ብላ ልትጠጣ ስትል የወደቀች እርግብ ላባዋ ከራሰ መነሣት አትችልም። በማግስቱ ባለቤቱ በባልዲ ያወጣታል፤ ሬሳ ያደረበትን ውሃ ሰው እንዴት ይጠጣዋል የሚለው ክርክርም ይከተላል። የቢርካውን አፍ በእሾህ መክደን በከፊል ይረዳል። ከዚያ የሚሻለው ቀላል ነገር ነው፦ አንድ ጫፉ ውሃው ውስጥ፣ ሌላው ጠርዙ ላይ ያረፈ፣ ቅርፊቱ ያልተላጠ ግንድ ማጋደም። የወደቀ ሁሉ በዚያ ላይ እየተንፏቀቀ ይወጣል። በአሜሪካ ደረቅ ምድር ያሉ ከብት አርቢዎች በውሃ ገንዳቸው ውስጥ ለዚሁ ብለው የሽቦ መወጣጫ ያስቀምጣሉ።

ውሃ ከእህል የሚበልጥበት ምክንያት በወፉ ሆድ ውስጥ ነው። ነፍሳት የሚበላ ወፍ ውሃውን ከሚበላው ትል ውስጥ ያገኛል፤ የአንበጣ አካል ራሱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ደረቅ ዘር የሚለቅመው ግን የሚጠጣው ካላገኘ ብዙ አይቆይም። ዋኖስ፣ እርግብ፣ ድንቢጥና ጎጆ ጠላፊዎቹ ትንንሽ ወፎች ሁሉ የዚህ ወገን ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመው ግን እርግብ የሚያህል፣ ላባው አፈር የሚመስል፣ መሬት ላይ ሲያርፍ ዓይን የማያገኘው የበረሃ ወፍ ነው። ጠዋት በቡድን እየተጯጯኸ ወደ ውሃ ይበራል። ጫጩት ያለው አባወራ ግን ጠጥቶ ብቻ አይመለስም። ውሃው ውስጥ ገብቶ ሆዱን እያወዛወዘ ላባውን ያርሳል፤ ከዚያ እስከ 30 ኪሎ ሜትር በርሮ ይመለሳል፤ ጫጩቶቹ ከሆዱ ሥር ገብተው ላባውን ይመጥጣሉ። ኤድመንድ ሚድ ዋልዶ የተባለ እንግሊዛዊ ወፍ አርቢ ይህን እ.ኤ.አ. በ1896 አይቶ ሲጽፍ ብዙዎቹ አላመኑትም፤ ማን ያምናል? ቶም ኬድና ጎርደን ማክሊን በደቡብ አፍሪካ ካላሃሪ እውነት መሆኑን ያረጋገጡት ከሰባ ዓመት በኋላ፣ በ1967 ነው። በ2023 ደግሞ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ላባውን በማጉያ መሣሪያ አይተው፣ በውስጡ የተጠቀለሉት ጥቃቅን ክሮች ሲረጥቡ እየተፈቱ ውሃውን አቅፈው እንደሚይዙ አሳዩ። አንድ ወፍ የሚሸከመው 25 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ከሻይ ብርጭቆ ሩብ አይሞላም። ለዚያ ጠብታ ሲባል በአየር ላይ የሚከፈለውን ድካም ያወቀ ሰው፣ በግቢው ጥግ አንድ ሳህን ውሃ ማስቀመጥን እንደ ቅንጦት አያየውም።

ዕቃው ደግሞ ሞልቷል። በሀርሺን በኩል የዕርዳታ ዘይት ጣሳ ታሪክ ረጅም ነው። በ1980 ዓ.ም. በሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ሲፈነዳ ከሐርጌሳና ከቡርዖ የሸሸው ሕዝብ ወሰኑን ተሻግሮ እዚህ ሰፈረ። የሀርተሼክ መጠለያ ጣቢያ በአንድ ወቅት ሩብ ሚሊዮን ያህል ስደተኛ ይዞ ከዓለም ትልቁ ለመባል በቅቷል፤ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። በየወሩ ይከፋፈል ከነበረው ዘይት የቀረው ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ በር ሆኗል፣ ጣሪያ ሆኗል፣ ኩራዝ ሆኗል፣ መለኪያ ሆኗል። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ የሚሠራው ሥራ እዚህ ያለ ተራና ያለ ስም ተሠርቷል።

ዛሬ ጣሳውን የተካው ቢጫው ጀሪካን ነው። ጀሪካን በዚህ አገር ብዙ ዕድሜ አለው። መጀመሪያ ዘይት ይዞ ይመጣል፤ ዘይቱ ሲያልቅ የውሃ ይሆናል፤ ሲቀደድ ፕላስቲክ ቀልጦ ይለጠፍበታል፤ መለጠፍ ሲያቅተው ይቆረጥና የልብስ ማጠቢያ ወይም የፍየል መጠጫ ይሆናል። በትልልቆቹ ከተሞች ከዚህ ሁሉ በፊት ቆራሌው ይወስደዋል። ሀርሺን ላይ ደጅ ለደጅ የሚዞር ቆራሌ ስለሌለ የመጨረሻው ማረፊያ ሜዳው ነው፤ ነፋስ ይዞት ከእሾህ አጥር ላይ ያሳርፈዋል። ፌስታሉ የባሰ ነው። ስስ ፌስታልን የከለከለ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ከወጣ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ የሀርሺን ግራሮች ግን አዋጁን የሰሙ አይመስሉም።

እንግዲህ ከዚህ ውዳቂ የወፍ መጠጫ እንዴት እንደሚወጣ ያየሁት በከተማው ዳር ባለ አንድ ግቢ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የምትሆን ልጅ ለኤዶ፣ ማለትም ለአባቷ እህት፣ ለዒድ የምትሰጠውን እየሠራች ነበር። ኤዶ መንገድ ዳር ሻይ ይሸጣሉ፤ ከሻይ ቤታቸው ፊት አንድ የተረፈ ግራር አለ፤ ወፎቹም እሱ ላይ ናቸው።

ጀሪካኑ አንገቱ ላይ የተሰነጠቀ ነው። ልጅቷ ከታች አራት ጣት ለካችና በከሰል ዙሪያውን አሰመረች። ታናሽ ወንድሟ ያረጀ ቢላ ፍም ውስጥ ጨምሮ አግሎ ሰጣት፤ ቢላው በመስመሩ ላይ ሲሄድ ፕላስቲኩ እየጨሰ ተከፈለ። የተቆረጠው ጠርዝ ስለት አለው፤ እጅም ያደማል፣ የወፍ እግርም። ስለዚህ የጋለ ማንኪያ ጀርባ እያስኬደች ጠርዙን ሁሉ አለሰለሰችው። ከዚያ በአመድና በአሸዋ አሸችው፤ ዘይት የቀረበት ሳህን የወፍ ላባ ያበላሻል።

ሁለተኛው ክፍል ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ነው። በጋለ ሚስማር ከታች አንድ ጣት ያህል ከፍ ብላ አንዲት ቀዳዳ በሳች። ቀዳዳዋን በአውራ ጣቷ ደፍና ውሃ ሞላች፣ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋች፣ ሳህኑ ውስጥ አቆመችውና ጣቷን አነሣች። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ፤ ሳህኑ ውስጥ ያለው ቀዳዳዋን እንደሸፈነ ቀጥ አለ። ወንድሟ ይህን የጠበቀ ይመስላል፤ እጁን ሰዶ ክዳኑን ላላ ሲያደርገው ሳህኑ ሞልቶ ፈሰሰ። አንድ ጥፊ ቀመሰ።

የቀመሰው ጥፊ የፊዚክስ ነው። ክዳኑ በጠበቀ ጊዜ ወደ ጠርሙሱ አየር የሚገባበት መንገድ ያቺ ቀዳዳ ብቻ ናት። ውሃ ከሸፈናት አየር አይገባም፤ አየር ካልገባ ውሃ አይወጣም፤ ከውጭ ሳህኑን የሚጫነው አየር ውስጥ ያለውን ውሃ ደግፎ ይይዘዋል። ወፍ ጠጥታ ውሃው ዝቅ ሲል ቀዳዳዋ ትገለጣለች፣ አንድ አረፋ ይገባል፣ የጠጣችው ያህል ይተካል። በየዶሮ እርባታው ያለው የዶሮ ማጠጫም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ጥቅሙ ሳህኑ ሰፊ ሆኖ ሳለ ለፀሐይ የሚጋለጠው ውሃ ጥቂት መሆኑ ነው፤ በሀርሺን ፀሐይ ሁለት ሊትር በክፍት ሳህን ቢቀመጥ ከወፉ ይልቅ ፀሐይዋ ትጠጣዋለች።

የቀረው ማስቀመጫው ነው። ያረጀ የመኪና ጎማ ውስጥ ድንጋይ ሞሉና ሳህኑን መካከሉ ላይ አስቀመጡ፤ ካለዚያ ፍየል በአንድ አፍታ ትገለብጠዋለች። ጠርሙሱን በካላማዳሪያ ቁራጭ ከእንጨት ጋር አሰሩት፤ ለጥላ ማዳበሪያ ጠቀለሉበት። ሳህኑ ውስጥ ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ገቡ፤ ትንሿ ወፍ የምትቆመው በእነሱ ላይ ነው፤ ንቧም እንደዚያው። ውሃው ከሁለት ጣት በላይ ጥልቅ መሆን የለበትም።

መጀመሪያ የመጡት ድንቢጦች ነበሩ፤ ድንቢጥ ምን ጊዜም ቀድማ ነው የምትደፍረው። ቀጥሎ ጀርባዋ እንደ ሰማያዊ ብረት የሚያብለጨልጭ፣ ሆዷ ብርቱካናማ የሆነች፣ በምሥራቁ አገር በየሻይ ቤቱ ደጅ የምትንጎማለል ወፍ መጣች። ውሃውን በመንቆሯ ቀድታ ራሷን ወደ ሰማይ አቅንታ ዋጠች። ዋኖሶቹ ግን እንደዚያ አያደርጉም፤ መንቆራቸውን ነክረው አንገታቸውን ሳያቀኑ ይስባሉ። ወፎች ሁሉ አንድ ዓይነት የሚጠጡ የሚመስለው ሰው ይህንን አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ቢያይ አይከፋም።

አሁን ወደሚያሳስበው እንምጣ። ቆሞ የሚያድር ውሃ በሶማሌ ክልል ቀልድ አይደለም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ ክልል፣ በቀብሪ ደሀር ነው። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ በርሜል፣ የግንባታ ውሃ ጉድጓድ፣ ጎማ፣ የተጣለ ጣሳ ይበቃታል፤ ከተማ ትወዳለች። በ2022 ድሬዳዋን ያስጨነቀው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነበር። የትንኝ እንቁላል ተፈልፍሎ ክንፍ እስኪያወጣ ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የወፍ መጠጫ ያለው ሰው በየሁለት ቀኑ ውሃውን መድፋት፣ ሳህኑን ማሸት፣ ፀሐይ ላይ ገልብጦ ማድረቅ አለበት። ድንጋይ የሞላው ጎማ ውስጥም ውሃ እንዳይቋጥር ሥሩ መበሳት አለበት። ይህን ለማድረግ የማይተማመን ሰው ባይሠራው ይሻላል፤ ስጦታው ለጎረቤት በሽታ እንዳይሆን።

ማጠቡ ለወፎቹም ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በወፍ መመገቢያዎች በኩል የተዛመተ የጉሮሮ በሽታ አንዲትን አረንጓዴ ወፍ ከግማሽ በላይ ቀንሷታል። ሕዝቡ ያበላት በፍቅር ነበር። በሽታው በእርጥብ እህልና በቆሸሸ ውሃ ውስጥ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ዋናዎቹ ተሸካሚዎች ደግሞ ርግቦች ናቸው። ሀርሺን ግን በዚህ አንድ ጥቅም አላት፤ ሳህን የሚያደርቅ ፀሐይ በነጻ ነው።

ጀሪካኑ ምን ይዞ እንደነበር መጠየቅም ግድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2021 የበረሃ አንበጣ ክልሉን ሲያጥለቀልቀው ብዙ ኬሚካል ተረጭቷል፤ የፀረ ተባይ ዕቃ ደግሞ ቢታጠብ ቢታጠብ አይጠራም። የምግብ ዘይት መሆኑ ካልታወቀ ለሰውም ለወፍም መተው ነው። ቆርቆሮም ቢሆን እዚህ አይመከርም፤ ይዝጋል፣ ቀትር ላይ እግር ያቃጥላል። ሃይላንዱም ፀሐይ ላይ ከርሞ መሰባበር ሲጀምር መቀየር አለበት፤ ካለዚያ ሜዳውን ከፕላስቲክ እናድን ብለን ፕላስቲኩን አድቅቀን መበተን ይሆናል።

ሰው በሚገዛው ውሃ ወፍ ይጠጣ ወይ? ይህን ጥያቄ ሀርሺን ላይ ሳይሆን አዲስ አበባ ላይ ነው የሰማሁት። በሀርሺን ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀም፤ የጠየቁት ስንት ይፈጃል ብለው ነው። በቀን አንድ ሊትር አይሞላም። ሳሙና ያልነካው የዉዱእ ውሃ፣ ጀሪካን ሥር የቀረ አተላ፣ ከማንቆርቆሪያው የተረፈ ይበቃዋል። በእስልምና ትምህርት አንድ ሰው የተከለው ዛፍ ወይም የዘራው አዝመራ ፍሬ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ለተካዩ እንደ ሰደቃ ይቆጠርለታል። የተጠማ ውሻ አይቶ ጉድጓድ ወርዶ ውሃ ስላወጣለት ሰው የሚነገረውንም በዚህ አገር የማያውቅ የለም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ዕቃው ነው፤ መቅጃ ስላልነበረው የቀዳው በጫማው ነው።

እህልስ? እህል መስጠት የሚፈልግ ሰው በማሽላ ማሳ አጠገብ ባይሰጥ ጥሩ ነው፤ ማማ ላይ የቆመው ልጅ ወዳጅ አይሆነውም። ከእርሻ በራቀ ከተማ ውስጥ ከሱቅ የተጠረገ ስባሪ ሩዝና ማሽላ፣ የሐብሐብ ፍሬ፣ የፓፓያ ልጣጭ ይሆናል። ጨው ያለበት ትራፊ አይሆንም። ወደ ጅግጅጋ የሚመጣ ሁሉ ባቢሌ ላይ ለውዝ ሳይገዛ አያልፍም፤ ጨው ያልነካው ጥሬው ለወፍ ግሩም ምግብ ነው፤ የሻገተው ግን መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ 100 ሺህ ያህል ቱርክ የተባሉት ትልልቅ ዶሮዎች በድንገት ሲያልቁ፣ ምክንያቱ ሻጋታ ያለበት የለውዝ መኖ ሆኖ ተገኘ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የታወቀው በዚያን ጊዜ ነው። በምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝ ላይም በተደረጉ ጥናቶች ተገኝቷል። ለሰው የማይሆን ለወፍ ይሆናል የሚል ሰው ይህን ቢያስብ ደግ ነው።

ሳህኑ የማይደርስላቸው ወፎችም አሉ። ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ በሚወስደው ሜዳ ላይ በሣር ውስጥ የምትሮጥ፣ አፈር የመሰለች፣ ስታይዋት ምንም የማትመስል አንዲት ትንሽ ወፍ አለች። የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ገዥ የነበረው ጄፍሪ አርቸር ከወሰኑ ማዶ ያገኛት ከመቶ ዓመት በፊት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1922 በኋላ እዚያ በእርግጠኝነት ያያት የለም። ጠፋች ተብሎ ነበር። በኋላ በጅግጅጋ አካባቢ ስትገኝ ተመራማሪዎች ዘረ መሏን መረመሩና እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጽሑፍ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በነጌሌ ቦረና አጠገብ፣ በሊበን ሜዳ ከምትኖረው ወፍ ጋር አንድ ዘር መሆኗን አሳዩ። በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡ ወፎች አንዷ ናት። ጀሪካን አያድናትም። የምትፈልገው ረዥም ሣር ነው፤ ሜዳው ሲታረስና ሣሩ ከሥሩ ሲጋጥ ጎጆዋን የምትደብቅበት ታጣለች። የሀርሺን ግራርም ለከሰል በተቆረጠ ቁጥር የሌሎቹ ወፎች ጎጆ አብሮ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ስለዚህ ሁሉ ሲናገር ኖሯል። በሻይ ቤት ደጅ ያለች ሳህን ለዚያ መልስ አይደለችም፤ ግን ድንቢጥ ስትጠጣ ተቀምጦ ያየ ልጅ ስለ ሣሩም ሲነገረው የሚሰማ ይመስለኛል።

የዒድ ዕለት ልጅቷ ስጦታዋን ይዛ ሄደች፤ ወንድሟ ድንጋይ የሞላውን ጎማ እያንከባለለ ሊከተላት ሞክሮ ድንጋዩ መንገድ ላይ ፈሰሰበት። እዚህ አገር ለዒድ የሚወሰደው ስኳር፣ ቴምር፣ ሽቶ ነው። ኤዶ ከሻይ ምድጃው ተነሥተው ሳህኑን አገላብጠው አዩት፤ ጠርሙሱን ነቀነቁት።

"ማሻአላህ!" አሉ። "ዶሮዎቼ ውሃ እየገለበጡ አስቸግረውኝ ነበር።"

"ኤዶ፣ ለዶሮ አይደለም። ለወፍ ነው። በየሁለት ቀኑ ያጥቡታል፣ ክዳኑን ያጠብቁታል…"

"ዶሮስ ወፍ አይደለችም?"

ልጅቷ መልስ አጥታ ወደ ወንድሟ ዞረች፤ እሱ ድንጋይ እየለቀመ ይስቃል። ኤዶ ወደ ጓዳ ገቡና ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዘው ወጡ። አንዱ መያዣው የተገነጠለ ነው፤ ሌላው ደህና ነው።

"ይሄ ለዶሮዎቼ ይሁን" አሉ። "ለዛፉ ሌላ ትሠሪልኛለሽ። ደህናውን እንዳትቆርጪ፤ ውሃ እቀዳበታለሁ።"